ሐሮማያ ተመለሰ፤ ማን ይመስገን?

ፀሐይ ሳትበረታ በሐረር የሸዋ በር ገበያ ሞልቶ ይፈስሳል። ሐረሪዎች አስመዲን በሪ ከሚሉት ከዚህ በር ውጭ፣ ከዙሪያው ገጠር የመጡ ሴቶች ድንችና ሰላጣ፣ ካሮትና ቀይ ሽንኩርት መሬት ላይ ዘርግተው ይጣራሉ። ጎናቸው ጫት በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በእስር በእስር ተደርድሯል። ቅጠሉ ሲመረጥ የሚጣለው ገረባ እግር ሥር ይነጠፋል፣ ፍየሎች እየዞሩ ይለቅሙታል። ፍየሎቹ የተዉት ፌስታሉን ብቻ ነው። ጥቁሩም ሰማያዊውም ፌስታል በነፋስ እየተንከባለለ የግንቡ ሥር ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

በሩን አልፈው ወደ ውስጥ ሲዘልቁ መንገዱ ይጠባል። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በማያሳልፈው መተላለፊያ ላይ ቢጫ ጀሪካን የተጫነች አህያ ስትመጣ ሁሉም ግድግዳውን ተደግፎ ያሳልፋታል። አንዲት እናት በራቸውን ገርበብ አድርገው ነጂውን ልጅ ይጠሩታል።

«ልጄ፣ ዛሬም የቧንቧው አልመጣም?»

«አልመጣም እማማ። ሁለቱን ላውርድልዎት?»

«አንዱን አውርድ። ማታ ከመጣ አተርፋለሁ።»

ማታ ከመጣ! ሐረር ውስጥ የቤት በጀት፣ የልብስ ማጠቢያ ቀን፣ የእንግዳ ግብዣ ሳይቀር በዚህች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ከአሥር ነዋሪ ጋር ቢያወጉ ዘጠኙ ወሬውን የሚጀምሩት በውሃ ነው። ስለ አረንጓዴ ፖለቲካ ለመጻፍ በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ከተማ ጀጎልን የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ስለ ተፈጥሮ እቆረቆራለሁ የሚል ፓርቲ ወይም መንግሥት ምን ያህል ይታመናል የሚለው ክርክር ለንደንና በርሊን ውስጥ የምርጫ ሰሞን ወሬ ነው፤ እዚህ ግን ከቧንቧው ጫፍ ይጀምራል።

*

ሐይቁን ያላየ ትውልድ ሐረር ውስጥ አድጓል። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የተኛው የሐሮማያ ሐይቅ (በቀድሞ ስሙ አለማያ) ሐረርን ከ40 ዓመት በላይ አጠጥቷል። ውሃው እዚያው ተጣርቶ፣ በፓምፕ ተገፍቶ፣ በቧንቧ አወዳይን አልፎ ጀጎል ይደርስ ነበር። በደህናው ዘመኑ ጥልቀቱ 8 ሜትር ይደርስ ነበር፤ ዓሣ ይጠመድበት፣ የውሃ ወፎች ይሰፍሩበት ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ አለቀ። ስንጥቅጥቅ ያለ ጭቃ ሆኖ ቀረ፤ ከብት የሚግጥበትና አትክልት የሚተከልበት ሜዳ ሆነ።

እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሌሊት አይደርስም። የሐይቁን ጠባይ ለዓመታት የተከታተሉት የውሃ ሥነ ሕይወት ምሁር ፕሮፌሰር ብሩክ ለማ፣ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ የሰው እጅ ምን እያደረገው እንደሆነ ጽፈው ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ እርስ በርሱም የተያያዘ ነው። በዙሪያው ያሉት ጋራዎች ደናቸውን ሲያጡ አፈሩ በጎርፍ እየወረደ የሐይቁን ሆድ ሞላው። ጫት ከማንኛውም ሰብል የበለጠ ገንዘብ ሲያመጣ ገበሬው ቡናውንና ማሽላውን እየነቀለ ጫት ተከለ፤ ጫቱ በበጋም ውሃ ይፈልጋልና በናፍጣ የሚሠሩ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች የሐይቁን ዳር ከበቡት። አወዳይ የዓለም ትልቁ የጫት ገበያ እስኪባል ድረስ አደገ፤ ከዚያ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ ምድር የሚወጣው ቅጠል እያንዳንዱ እስር የሐሮማያን ውሃ ተሸክሞ ይሄድ ነበር ማለት ይቻላል። ከተሞቹም ሰፉ። ዩኒቨርሲቲው፣ ሐሮማያ ከተማ፣ አወዳይና ሐረር ሁሉም ከአንድ ጎድጓዳ ቀዱ። ሐይቁ ምን ያህል እንደቀረው ለክቶ «ከዚህ በላይ አትቅዱ» የሚል ሥልጣን የነበረው አካል ግን አልነበረም።

ይህች ነጥብ ከሁሉም ትከብዳለች። ሐሮማያ ሐይቅ የሚገኘው በኦሮሚያ ክልል፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ነው። ይጠጣው የነበረው ሕዝብ አንዱ ትልቅ ክፍል የሚኖረው ደግሞ በሐረሪ ክልል ነው። የሚገርመው፣ የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን አስተዳደር መቀመጫው እዚያው ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። የሁለቱ ቢሮዎች ርቀት በእግር ይሄዳል፤ የሐረር መራጭ ግን ስለ ሐይቁ የሚጠይቀው ተመራጭ አልነበረውም፣ የሐሮማያ ገበሬም ስለ ሐረር የውሃ ፍላጎት የሚያስረዳው ሰው አልነበረውም። ጫቱን ትቶ በምን ልጆቹን እንደሚያሳድግ ለገበሬው የነገረው አለ እንዴ? ሐይቁ የደረቀው በክፋት ሳይሆን ባለቤት በማጣት ነው።

ሐይቁ ሲሞት ሐረር ፊቷን ወደ ቆላ አዞረች። በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ በተሠራው ፕሮጀክት፣ ድሬዳዋ አቅራቢያ ካለው የድሬ ጃራ ጉድጓዶች ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ውሃ መሳብ ተጀመረ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ። ውሃው የደንገጎን ዳገት በመብራት ኃይል ይወጣዋል፤ መብራት ሲጠፋ፣ ፓምፕ ሲበላሽ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ጀጎል ውስጥ እኒያ እናት በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ። ዳገቱ ብቻም አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ውሃው ከሚያልፍባቸውና የከተማዋ ቆሻሻ ከሚጣልባቸው አካባቢዎች ነዋሪዎች በተነሣ የጥቅም ጥያቄ ሰበብ ከተማዋ ለሳምንታት ውሃ አጥታ ነበር፤ ቆሻሻም በየመንገዱ ተከምሮ ሰነበተ። ያን ሰሞን ሐረር የነበረ ሰው ሽታውን አይረሳውም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ ሐይቁ ተመለሰ። ክረምቱ ውሃ አቆረ፣ በጋው አላደረቀውም፣ በቀጣዩ ክረምት ተጨመረበት። ጀልባ ታየበት፤ ወፎቹ መጡ። በሐረርጌ የአንድ ትውልድ ሐዘን የተሻረበት ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

*

ሐይቁ ሲመለስ ግን «እኔ ነኝ የመለስኩት» ባዩም በዛ።

የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ምስጋናውን ለአረንጓዴ አሻራ ሰጡ። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች በተፋሰሱ ላይ ለዓመታት የተሠራውን የእርከንና የአፈር ጥበቃ ሥራ ያነሣሉ። የአካባቢው ነዋሪ የዝናቡን ደግነት ያስቀድማል። ሌላም ጥቂት ሰው ብቻ የሚያነሣው ምክንያት አለ፤ ሐረር ከሐይቁ መጠጣቷን ትታለች። የአንድ ከተማ ቀለብ ከላዩ ሲነሣለት ሐይቅ ቢያገግም ምን ይገርማል? በእኔ ግምት እውነቱ በአራቱም ዘንድ በየድርሻው አለ። ድርሻው ስንት ስንት እንደሆነ መናገር የሚችለው የዝናቡን፣ የጎርፉን፣ የሞተሮቹንና የከርሰ ምድሩን መጠን በየዓመቱ ለክቶ ለሕዝብ የሚያወጣ ተቋም ብቻ ነው። ልኬቱ በሌለበት ምስጋናው ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ይህ ክርክር ለሐረር ብቻ የተሰጠ አይደለም። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. አንሥቶ የአገሪቱ ትልቁ የአካባቢ ጥበቃ ዘመቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ታወጀ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር የተተከለው ከ700 ሚሊዮን አለፈ ተባለ። በሁለት ምዕራፍ ተከፍሎ፣ በስምንት ዓመት 50 ቢሊዮን ለመድረስ የታቀደ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር እንደተሰማ የውጭ መገናኛ ብዙኃን «ማን ቆጠረው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ብዙዎቻችንን አስቆጣ። እስቲ በረድ ብለን እናስበው። ያን ቀን 20 ሚሊዮን ሰው ወጣ ብንል ለእያንዳንዱ 17 ወይም 18 ችግኝ ይደርሰዋል። ጉድጓዱ ቀድሞ ከተቆፈረ፣ ችግኙ ቦታው ድረስ ከቀረበ፣ ይህ ከአቅም በላይ አይደለም። ስለዚህ የተተከለውን ብዛት ከመጠርጠር ይልቅ የበቀለውን መጠየቅ ይሻላል።

ሐረር አጠገብ ካለው ሐኪም ጋራ ላይ ወጥቶ አንድ ችግኝ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። የጽድ ችግኝ ነበረች፣ ቁመቷ ከክንድ የማያልፍ። ከአንገቷ ሥር ጥቁር ፕላስቲክ ብቅ ብሏል። የማፍያው ከረጢት ሳይቀደድላት ነው የተቀበረችው። ሥሯ ከረጢቱ ውስጥ እየዞረ እርስ በርሱ ይጠላለፋል እንጂ ወደ አፈሩ አይዘልቅም። ክረምቱን በዝናብ ትኖራለች፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭና ድርቀቱ ሲመጣ ትሞታለች። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ሰው የእሾህ አጥር ያጠረላት፣ ዙሪያዋን እንደ ሳህን ጎድጎድ አድርጎ ውሃ እንድትይዝ ያዘጋጀላት ወይራ አለች። ቅጠሏ ያብለጨልጫል። በዘመቻው መዝገብ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ ቁጥር ናቸው። ከዓመት በኋላ አንዷ ብቻ ዛፍ ትሆናለች፤ መዝገቡ ግን አይታረምም።

ባለሥልጣናት የጽድቀት መጠኑን ብዙ ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ያደርጉታል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ ቦታ እውነት መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን የትኛው ተፋሰስ፣ በየትኛው ወር፣ በማን ተቆጥሮ የሚለው ዝርዝር እያንዳንዱ ቀበሌ ቢሮ ላይ ተለጥፎ ካልታየ፣ ተከላውን ያዘዘው፣ የቆጠረውና ያሞገሰው አንድ አካል ሆኖ ይቀራል። የሚያምን ያምናል፣ የሚጠራጠር ይጠራጠራል፤ ማንም ማንንም ማሳመን አይችልም።

*

በዚህ ጉዳይ ታሪካችን ጥሩ አስተማሪ ነው። ደርግ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ፣ በተለይ ከድርቅ ዓመታት በኋላ፣ በወሎ፣ በሸዋና በሐረርጌ ጋራዎች ላይ ከፍተኛ የእርከንና የደን ሥራ አካሂዷል። ሥራው የተሠራው በምግብ ለሥራ ስንዴና ዘይት፣ በገበሬ ማኅበር ትእዛዝ ነበር። ጋራው ተከልሎ ከብት እንዳይገባ ተከለከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሕዝቡ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ብዙ ቦታ የማኅበረሰብ ደን የተባለው በጥቂት ወራት ተጨፍጭፎ አለቀ፣ እርከኑም ፈረሰ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ይራስወርቅ አድማሴ ይህን ዘመን መርምረው የደረሱበት ዋናው ነገር የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ገበሬው ዛፉን የቆረጠው ዛፍ ስለሚጠላ አልነበረም። ዛፉ የእርሱ አለመሆኑን፣ ነገ ፍሬውን የሚበላው ሌላ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ተቃራኒውም አለን። በወላይታ ሁምቦ፣ ተራራው ላይ የቀረውን ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ በመንከባከብ ከ2,700 ሔክታር በላይ ደን ተመልሷል፤ ደኑን የሚያስተዳድሩትም የየቀበሌው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው፣ ከካርቦን ሽያጭ የሚመጣው ገቢ ይደርሳቸዋል። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ ገበሬዎች ባዶ የነበረ ሸለቆ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ መልሰው እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን ተቀብለዋል። በእነዚህ ቦታዎች ማን አረንጓዴ ነው ብሎ የሚከራከር አልሰማሁም።

*

ነገሩን ከሩቅም ለማየት ያህል ወደ ብሪታኒያ ብቅ እንበል። ዛሬ አረንጓዴ ፓርቲ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1972 ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ «ፒፕል» በሚል ስም ተጀመረ፤ በ1975 የኢኮሎጂ ፓርቲ፣ በ1985 አረንጓዴ ፓርቲ ተባለ። በ1989 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ከ2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ፣ 15 በመቶ ያህል አግኝቶ በምርጫ ሥርዓቱ ምክንያት አንድም ወንበር አልያዘም። የመጀመሪያዋን የምክር ቤት አባሉን ካሮላይን ሉካስን ያስገባው በ2010 ከብራይተን ነው። በ2024 ምርጫ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ አባላቱን አራት አደረሰ፤ በ2025 ደግሞ ዛክ ፖላንስኪን መሪው አድርጎ መረጠ፣ ደጋፊውም ጨመረ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ተቺዎቹ «ወንበር እስኪይዙ ድረስ ጥሩ ሰዎች ናቸው» ይላሉ። በ2011 የብራይተንን ከተማ ምክር ቤት መምራት ሲጀምሩ በአገሪቱ የመጀመሪያው አረንጓዴ አስተዳደር ተባሉ፤ በ2013 ግን የቆሻሻ ሠራተኞች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ አቁመው የከተማዋ ጎዳናዎች በቆሻሻ ተሞሉ። በ2015 ምክር ቤቱን አጡ። ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር እንታገላለን እያሉ የኑክሌር ኃይልን ይቃወማሉ የሚልም አለ። በ2024 ከተመረጡት አራት አባላት አንዱ የሆኑት አድሪያን ራምሴይ፣ የባሕር ላይ ነፋስ ኃይልን ወደ ከተማ ለማድረስ በምርጫ ክልላቸው አቅጣጫ ሊተከሉ የታሰቡት የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ለጊዜው እንዲዘገዩ ሲጠይቁ፣ ብዙ ሰው «ታዲያ ነፋሱ በምን ይምጣ?» አላቸው። ደጋፊዎቹ ደግሞ በተራቸው፣ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ከ30 ዓመት በኋላ የደረሱበትን እነዚህ ሰዎች ቀድመው ተናግረዋል፣ የአካባቢውን ሰው ድምፅ ማሰማትም የተመራጭ ሥራ ነው ብለው ይመልሳሉ። ጀርመን ውስጥም እንዲሁ ነው። በ2023 መባቻ የሉትሰራት መንደር ለድንጋይ ከሰል ስትፈርስ፣ መንደሯ እንድትፈርስ የፈቀደውን ስምምነት የፈረሙት አረንጓዴ ሚኒስትሮች ነበሩ፤ በምላሹ በምዕራቡ ክልል ከሰል የሚቆምበትን ጊዜ ወደ 2030 አምጥተናል አሉ። ጭቃው ውስጥ ቆመው የተቃወሙት ወጣቶች ብዙዎቹ የመረጧቸው ነበሩ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት እንግሊዝን ለማማት አይደለም፤ እንደውም ቀናሁባቸው። የብራይተን ነዋሪ ቆሻሻው ሲከመርበት ማንን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር። በሚቀጥለው ምርጫ ቅጣቱን ሰጠ፤ በተመሳሳይ ቀን ካሮላይን ሉካስን ግን ለፓርላማ መልሶ መረጠ። ምክር ቤቱንና ተመራጯን ለይቶ መዘነ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ አረንጓዴ የሚባል ፓርቲ ፓርላማ ገብቶ አያውቅም። አረንጓዴነት ወይ ከመንግሥት ጋር ነው፣ ወይ ከግለሰብ ጋር። በኋላ ርዕሰ ብሔር የሆኑት መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ «ለም ኢትዮጵያ» የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር መርተዋል። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ሲመሩ በዓለም አቀፍ የደኅንነተ ሕይወት ድርድር የአፍሪካን ቃል ያስከበሩ ሰው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝተዋል። ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። የሐረርን ነዋሪ ግን በድምፁ የሚሸልመው ወይም የሚቀጣው አረንጓዴ ተመራጭ አላስገኙለትም። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 ወንበር አለው። የሐረሪ ብሔራዊ ሊግ በ2012 ዓ.ም. ወደ ብልጽግና ከተዋሐደ ወዲህ፣ ችግኙን የሚያስተክለውም፣ የጽድቀቱን ሪፖርት የሚሰማውም፣ ሪፖርቱን የሚያጸድቀውም አንድ ፓርቲ ነው።

ጎረቤት ኬንያ የዋንጋሪ ማታይ አገር ናት። ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የግሪን ቤልት ንቅናቄን ስትጀምር ለገጠር ሴቶች ጥቂት ሳንቲም ትከፍል ነበር፤ የምትከፍለውም ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው ችግኝ ነበር። በ1989 ናይሮቢ መሐል ኡሁሩ ፓርክ ላይ ሊቆም የነበረውን ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ተቃወመች፤ ተሰደበች፣ ቢሮዋን ተነጠቀች፣ ሕንፃው ግን አልተሠራም። ኋላም ማዚንጊራ የተባለ አረንጓዴ ፓርቲ አቋቋመች፣ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን አገኘች። የታመነችው ዛፍ ስለቆጠረች ብቻ አልነበረም። ዛፉን ከሚቆርጠው ባለሥልጣን ፊት ስለቆመች ነው። ሩዋንዳ ውስጥ ደግሞ የዴሞክራቲክ አረንጓዴ ፓርቲ ምክትል ፕሬዚዳንት አንድሬ ካግዋ ርዊሴሬካ በ2010 ተገድለው ተገኝተዋል፤ ፓርቲው ከስምንት ዓመት በኋላ ሁለት የምክር ቤት ወንበር አግኝቷል። በአፍሪካ አረንጓዴ መሆን ይህን ያህል ዋጋ ያስከፍላል።

*

ወደ ጀጎል እንመለስ። ኤሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንቡን ሲያቆሙ አምስት በር ተውለት፤ ከግርጌውም ጎርፍ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ። በነዚህ ቀዳዳዎች ጅቦች በሌሊት ይገባሉ። ቱሪስት የሚያየው ከበር ውጭ ሥጋ በእንጨት የሚጎርሱትን ነው፤ ጀጎልን የሚያውቅ ግን ጅቡ የከተማዋ ሌሊት ጽዳት ሠራተኛ እንደነበረ ያውቃል። አጥንቱን፣ አንጀቱን፣ የበሰበሰውን ሁሉ ጠርጎ ይሄዳል። 48 ሔክታር ገደማ በሆነች ጠባብ ከተማ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ለዘመናት በጤና የኖረው አንድም በዚህ ነው። ዛሬ ቆሻሻው ሌላ ሆነ። የጅብ ሆድ አጥንት ይፈጫል እንጂ ፌስታል አይፈጭም። ተፈጥሮ የምታግዘን የራሷን ስንሰጣት ብቻ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። ደግ ሕግ ነው። ሸዋ በር ላይ ሰላጣ የምትሸጥ ሴት ግን በምን ትጠቅልል? ሐረር የስፌት አገር ናት፤ ቅርጫትና ሰፌድ እዚህ ያልተሠራ የት ሊሠራ ነው? ለገበያ የሚሆን ርካሽ ቅርጫትና የጨርቅ ከረጢት እዚሁ እንዲመረት የወጣቶች ማኅበር ተደራጅቶ፣ ብድር ተሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ቅጣቱ ቢመጣ አዋጁ ይከበራል። ቅጣቱ ብቻ ቀድሞ ከመጣ የደርግ እርከን ይሆናል።

ከተማዋን ለማስዋብ ሰሞኑን የተሠራው ሥራም አለ፤ መንገዱ ተነጥፏል፣ ግንቡ ተጠግኗል፣ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ጀጎል አምሮባታል። ይህን ማሞገስ ተገቢ ነው፤ እኔም አሞግሳለሁ። ነገር ግን ነዋሪው አረንጓዴ አስተዳደርን የሚለካው በአበባ መደብ አይደለም። ማጠጫው ውሃ ከየት እንደመጣ ያያል፤ ለአበባው ቦቴ መኪና ሲመጣ ለቤቱ ቧንቧ ሳይመጣ ሲቀር ይቆጥራል።

እ.ኤ.አ. በ2027 ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ጉባኤ ኮፕ 32 አዲስ አበባ ውስጥ ይካሄዳል። የዓለም መሪዎችና ጋዜጠኞች መጥተው ስለ ችግኙ ይጠይቁናል። እስከዚያ ድረስ መልሱን በፉከራ ሳይሆን በሰነድ ማዘጋጀት አለብን። ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅም አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ በሚመለከቱት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ከዚህም ይዘልቃል፤ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን የሚጎዳ ድርጊት ሲያይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ስለዚህ የሐሮማያ ሐይቅ ለሚመለከታቸው ለሁለቱም ክልሎች አንድ ጥያቄ ይቅረብ፤ ሐይቁ አንድ የጋራ አስተዳደር ይኑረው። ገበሬው፣ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ፣ የሐረር የውሃ ተጠቃሚና የሁለቱ ክልሎች ተመራጮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። የውሃው ከፍታ በየወሩ ይለካ፤ በዳርቻው ስንት ሞተር እንደሚሠራ ይመዝገብ፤ በየተፋሰሱ የተተከለውና የጸደቀው ለየብቻው ይቆጠር። ውጤቱም በኦሮምኛ፣ በሐረሪኛና በአማርኛ ሸዋ በር ገበያ ላይ ይለጠፍ። ሞተሮቹ ዛሬም ከሐይቁ ዳር አልራቁም፣ ጫቱም ዋጋው አልወረደም፤ ሐይቁ አንድ ጊዜ የደረቀበት ምክንያት ሁሉ እዚያው አለ።

የጀጎልና የሐሮማያ ዙሪያ ነዋሪ የሆንክ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ድምፅህን የሚለምንህ ሰው፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ስንት ችግኝ እንደተከለ ሲነግርህ አክብረህ አድምጠው። ከዚያ ያለፈውን ዓመት የጽድቀት መዝገብና የሐይቁን የውሃ ልኬት ጠይቀው። ካላመጣ አትምረጠው።